የድመት ሽንት ሽታ ከሶፋ አልለቅ ሲል

ድመት የሸናችበትን ሶፋ በኦሞ ካጠብሽው በኋላም ሽታው ከተመለሰ፣ ሽንቱ ጨርቁን አልፎ ስፖንጁ ውስጥ ስለገባ ነው። ሽንቱ ውስጥ ያለው ዩሪክ አሲድ የሚባል ንጥረ ነገር በውሃና በሳሙና በቀላሉ አይሟሟም፤ እርጥበት ባገኘ ቁጥር እንደገና ይሸታል። ስለዚህ ማጽጃው ሽንቱ የደረሰበት ድረስ መግባት አለበት።

1. ሽፋኑ ዚፕ ካለው አውልቂና በቀዝቃዛ ውሃ ለብቻው እጠቢው።
2. ኢንዛይም (ሽንቱን የሚሰባብር ንጥረ ነገር) ያለበት የእንስሳት ሽንት ማጽጃ ካገኘሽ ስፖንጁ በደንብ እስኪርስ አፍስሺበት። ቶሎ እንዳይደርቅ በፌስታል ሸፍነሽ አሳድሪው፤ ኢንዛይሙ የሚሠራው እርጥብ እስካለ ድረስ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቸኩልና "አይሠራም" ይላል።
3. ካጣሽ አቼቶና ውሃ እኩል ቀላቅለሽ አርሺው፣ በፎጣ ጫን እያልሽ ምጠጪ፣ ቤኪንግ ሶዳ ነስንሰሽ አሳድሪና ጥረጊው። ቤኪንግ ፓውደር ግን አይሆንም፤ ስታርች ስላለበት ይለጠፋል። የአቼቶና የሶዳው ዘዴ ሽታውን ያቀለዋል እንጂ እንደ ኢንዛይሙ ከሥሩ አያጠፋውም።
4. ስፖንጁን ነፋስ ባለበት አቁመሽ እስከ ውስጡ አድርቂው።

በረኪና በፍጹም እንዳትነኪ! ከሽንቱ አሞኒያ ጋር ሲገናኝ ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ያወጣል፤ ከአቼቶ ጋርም እንደዚያው።