መልስ፦ ካሳ ስለጠየቅህ ለተባረርከው

ወንድሜ፣ አይዞህ። ማሽን ጣትህን ጎዳህ፣ ካሳ ጠየቅህ፣ በሁለት ሳምንቱ «ሥራ ቀንሷል» ብለው አሰናበቱህ። ይችላሉ ወይ ነው ያልከው። አይችሉም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 26 በአሠሪ ላይ ቅሬታ ማቅረብ ወይም ክስ ውስጥ መግባት ለስንብት በቂ ምክንያት አይሆንም ይላል።

ችግሩ፣ «ስለከሰስከን ነው» ብሎ የሚጽፍ አሠሪ የለም። ስለዚህ ቀኖቹ ይናገሩልህ፤ የተጎዳህበት፣ ማመልከቻ ያስገባህበት፣ ደብዳቤው የተጻፈበት። አንተ ማሽን ላይ አሁን ሌላ ልጅ ቆሞ ከሆነ ደግሞ ሥራው የታለ የቀነሰው? ያየ ሰው ምስክር ይሁንህ።

እኔን እጄ በፋሻ እንደታሰረ ቢሮ ጠሩኝ። ኃላፊዋ ወረቀት ገፋ አድርጋ «ክሊራንስ ነው፣ ፈርም» አለችኝ። እስክሪብቶውን በግራ እጄ ይዤ ሳነበው፣ ሦስተኛው መስመር ላይ «በራሴ ፈቃድ ለቅቄያለሁ» ይላል። ለጥቂት! አንተም ሳታነብ እንዳትፈርም።

ጊዜ አትግደል። ወደ ሥራ መልሱኝ የሚለው ክስ ከተሰናበትክ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ፣ ማለትም ጊዜው አልፏል ተብሎ፣ ይቀራል። ፍርድ ቤቱ የተሰናበትከው ካሳ በመጠየቅህ ነው ካለ ወደ ሥራህ ይመልስሃል፤ መመለሱን ካልፈለግህ ካሳ መምረጥ ትችላለህ። ይሄ ከጉዳት ካሳው የተለየ ነው፣ እሱንም አትተወው። የዳኝነት ክፍያ አትከፍልም። የሕክምና ማስረጃህን ዋናውን ለማንም አትስጥ፣ ኮፒ ይበቃቸዋል።