ሀገር ስትጨነቅ የምእመን ድርሻ ምንድን ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎ። ሀገር በጦርነትና በረኀብ ስትጨነቅ ክርስቲያን ምን ማድረግ አለበት? ወንድሜ «የእናንተ ጸሎት ዳቦ አይሆንም፤ ወይ ታገሉ ወይ ዝም በሉ» እያለ ይሞግተኛል። በጸሎት ማኅበራችን ደግሞ አንዳንዶች የእኛ ወገን እንዲያሸንፍ፣ የወዲያኛው እንዲጠፋ ይለምናሉ። እኔ «አሜን» ማለት ከብዶኝ ዝም አልኩ። ተሳስቼ ይሆን?

መልስ፦ እኅቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። አልተሳሳትሽም። ኢያሱ በኢያሪኮ አጠገብ ሰይፍ የመዘዘ ሰው ቆሞ ሲያይ ቀርቦ «ከእኛ ወገን ነህ ወይስ ከጠላቶቻችን?» ብሎ ጠየቀው (ኢያ. 5፥13-15)። የተመለሰለት «አይደለም፤ እኔ የእግዚአብሔር ሠራዊት አለቃ ነኝ» የሚል ነው። ኢያሱ እኮ በእግዚአብሔር ትእዛዝ የወጣ መሪ ነበር! ለእርሱ እንኳ «አዎን፣ ያንተ ወገን ነኝ» አልተባለለትም፤ ጫማውን አውልቅ ተባለ እንጂ። እኛ ግን ማን መሆናችንን እንኳ ሳንመረምር ፈጣሪን ከሰልፋችን ልናስገባው እንቸኩላለን።

ወንድምሽንም ቶሎ አትፍረጂበት። የሰማው ጸሎት እንዲህ ያለ ከሆነ «ዳቦ አይሆንም» ማለቱ አያስገርምም። ሀገር በተጨነቀች ቁጥር «ምድራቸውንም እፈውሳለሁ» የሚለው ቃል (2ዜና 7፥14) በየመድረኩ ይጠቀሳል። ከእርሱ በፊት ያለውን «ከክፉ መንገዳቸውም ቢመለሱ» የሚለውን ግን ብዙዎቻችን ሮጠን እናልፈዋለን። ዳንኤልን ተመልከቺ። ኢየሩሳሌምን ያፈረሱት፣ እርሱንም በለጋነቱ የማረኩት ባቢሎናውያን ናቸው። በምዕራፍ 9 ማቅ ለብሶ፣ ጾሞ ሲጸልይ ግን ባቢሎንን አንድ ጊዜ እንኳ አይከስም። «ኃጢአት ሠርተናል» ይላል፤ ነውር ያልተገኘበት ሰው ራሱን ከበደለኞቹ ጋር ይቆጥራል። በጭንቅ ዘመን እምነት ሥራውን የሚጀምረው ከዚህ ይመስለኛል፦ ዐይንን ወደ ራስ ወገን ከመመለስ። ይህን ከእምነት በቀር ማንም አይጠይቀንም፤ ሌላው ሁሉ የጠላትን በደል እንድንቆጥር ነው የሚገፋፋን።

ይህ ጸሎት እጅና እግር ሲያወጣ ምን እንደሚመስል ማየት ከፈለግሽ ነህምያ ምዕራፍ 5ን ቀስ ብለሽ አንብቢ። የኢየሩሳሌም ቅጥር ገና አላለቀም፤ ሥራውን የሚቃወሙት ሰንባላጥና ጦብያ በውጭ ያደባሉ፤ ሠራተኛው በአንድ እጁ ይሠራል፣ በሌላው መሣሪያ ይዟል። በዚህ መሐል ጩኸት ተነሣ፤ የተጮኸውም በገዛ ወንድሞቻቸው ላይ ነው። ድሃው በረኀቡ ዘመን እህል ለመግዛት እርሻውን፣ ወይኑንና ቤቱን አስይዟል፤ ለንጉሡ ግብር ተበድሯል፤ ሴቶች ልጆቹ ለባርነት ተሰጥተዋል። ነህምያ «ጠላት በር ላይ ቆሞ ስለ ወለድ አናወራም፣ አንድነታችን ይላላል» ማለት ይችል ነበር። አላለም። ተቆጣ፤ በልቡም አሰበበት፤ ከዚያ መኳንንቱንና ሹማምንቱን በጉባኤ ፊት ገሠጻቸው። እርሱና ሰዎቹም ገንዘብና እህል ማበደራቸውን አልደበቀም። እርሻውም፣ ከመቶ አንድ እጅ የሚወስዱትም ዛሬውኑ ይመለስ አለ። «እሺ» ሲሉት ደግሞ በቃላቸው ብቻ አላመናቸውም፤ ካህናቱን ጠርቶ አስማላቸው። እርሱ ራሱ 12 ዓመት ገዥ ሲሆን ለሹመቱ የሚገባውን ቀለብ አልበላም፤ በየቀኑ አንድ በሬና ስድስት በጎች እየታረዱ 150 ሰዎች ከማዕዱ ይቀመጡ ነበር። ዳቦ የሆነ ጸሎት ይኸውልሽ!

«ፖለቲካ ውስጥ አትግቡ» የሚሉሽም ይኖራሉ። ቤተ ክርስቲያን የሥልጣን ተፎካካሪ መሆን የለባትም፤ በዚህ እስማማለሁ። ግን ታሪኳን እዪ። እ.ኤ.አ. በ387 የአንጾኪያ ሕዝብ በአዲስ ግብር ተቆጥቶ የንጉሡን የቴዎዶስዮስን ሐውልቶች አፈረሰ፤ ከተማዋም ቅጣቷን ስትጠብቅ በፍርሃት ራደች። ሽማግሌው ጳጳስ ፍላብያኖስ በዐቢይ ጾም ወደ ቁስጥንጥንያ ገሥግሦ ስለ በደለኞቹ ማለደ፤ ዮሐንስ አፈ ወርቅም እዚያው ቀርቶ ሕዝቡን እያጽናና፣ እየገሠጸም ሰበከ። ንጉሡ ምሕረት አደረገ። ከሦስት ዓመት በኋላ ይኸው ንጉሥ በተሰሎንቄ ሕዝብ ሲያስፈጅ፣ የሚላኖው ጳጳስ አምብሮስዮስ ንስሐ እስኪገባ ድረስ ከቅዱስ ቍርባን ከለከለው። አንዱ በንጉሡ ፊት ተንበረከከ፣ ሌላው ንጉሡን አስቆመ። ሁለቱም የማንም ፓርቲ አባል አልነበሩም። በ360ዎቹ መጨረሻ በቀጰዶቅያዋ ቂሣርያ ረኀብ ሲገባ ደግሞ ባስልዮስ ባለጎተራዎቹን ያለ ርኅራኄ ገሥጾ እህላቸውን አስከፈተ፤ ለተራቡትም ምግብ እያቀረበ ራሱ አገለገለ።

የተቃራኒው ታሪክም አለ፤ ልንሸሸው አይገባም። ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ1994 ሕዝቧ በአብዛኛው ክርስቲያን ነበር። ሰዎች ለመትረፍ የሸሹባቸው አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ ነው በብዛት የተገደሉት፤ ከገዳዮቹም ብዙዎቹ የተጠመቁ ናቸው። ጥምቀት ከዘር በታች ሲውል የምእመናን ብዛት አንድ ነፍስ አያድንም።

ያ እልቂት በሬዲዮ ወሬ ተቀጣጥሎ እንደነበር አትርሺ። «ሐሰተኛ ወሬ አትቀበል» (ዘጸ. 23፥1) የሚለው ትእዛዝ ዛሬ በእጅሽ ስልክ ላይ ነው የሚፈተነው። ያላረጋገጥሽውን፣ በተለይ ደም የሚያፈላውን፣ ለሌላ አታስተላልፊ። ጾመሽ በዚሁ እጅሽ ጥላቻ ብትልኪ ጾሙ ምን ይረባሻል?

ለወንድምሽ በክርክር አትመልሺለት፤ የተፈናቀለ ወይም የተራበ ቤተሰብ ስትረጂ አብሮሽ እንዲሄድ ጠይቂው። ከወዲያኛው ወገን የሆነም ካለ አትለዪ።

ስለ ማኅበሩ፦ በጉባኤ መሐል አትናገሪ፤ የጸሎቱን መሪ ለብቻው አግኚው። «መዝሙረ ዳዊትስ ጠላትን ይረግም የለም?» ይልሽ ይሆናል። እዚያ የሚጮኸው ሰው በቀሉን ለእግዚአብሔር አስረክቦ ይሄዳል፤ ጳውሎስም «ራሳችሁ አትበቀሉ» ያለው ለዚህ ነው (ሮሜ 12፥19)። ከዚያ 1ጢሞ. 2፥1-2ን አብራችሁ አንብቡ። ስለ ሰዎች ሁሉ፣ ስለ ነገሥታትም ጸልዩ ይላል፤ ይህ ሲጻፍ በሮም ዙፋን ላይ የተቀመጠው ክርስቲያን አልነበረም። በሁለቱም ወገን ለሞቱት፣ ለቆሰሉትና ለሚያዝዙት በአንድነት እንድትጸልዩ ለምኚው። እንቢ ካለ ማኅበሩን ጥለሽ አትውጪ፤ ለጥፋት ለሚቀርበው ልመና ግን አሁንም «አሜን» አትበዪ።