ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ከመፈታቱ በፊት

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ክቡር አዘጋጅ፣ ነዋሪነቴ በባሕር ዳር ነው። ከአባቴ የወረስኳት፣ 4ኬ ሞተር ያላት ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ አለችኝ። ከተማ ውስጥ ስነዳት ምንም ችግር የለባትም፤ ወደ ጎንደር ስሄድ ግን የአዲስ ዘመንን ከተማ አልፌ ዳገቱን ስጀምር የሙቀቱ ቆጣሪ ወደ ቀዩ መስመር ይጠጋል፤ ቆሜ ካቀዘቀዝኳት በኋላም የራዲያተሩ ውኃ ጎድሎ አገኘዋለሁ። የመጀመሪያው ጋራዥ ቴርሞስታቱን አውጥቶ ከጣለ በኋላ «ከእንግዲህ አትሞቅም» ብሎ ሸኘኝ። ሁለተኛው ራዲያተር ቀይር አለኝ። ሦስተኛው ኮምፕሬሽን (በሲሊንደሮቹ ውስጥ የሚታመቀውን አየር ግፊት) ለክቶ «ሞተሩ አልቋል፣ መውረድ አለበት» በማለት የሥራውን ዋጋ ግማሽ በቀብድ ጠይቆኛል። የትኛውን ልመን?

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ ለጊዜው ማንንም አይመኑ፤ ቀብዱንም አይክፈሉ። ሦስቱም መፍትሔ አቀረቡልዎት እንጂ ሙቀቱ ከየት እንደሚመጣ መርምሮ ያሳየዎት የለም። አሮጌ መኪና ባለቤቱን የሚያደኸየው በአብዛኛው ሳይመረመር በሚቀየር ዕቃ ነው። በተለይ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከከለከለና በዚያው ዓመት በሐምሌ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በእጃችን ያለውን መኪና በጥንቃቄ ማቆየት ግድ ሆኖብናል፤ ሞተር በግምት የሚወርድበት ዘመን አይደለም።

በመጀመሪያ ስለ ቴርሞስታቱ። ይህ ዕቃ ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ውኃው ወደ ራዲያተሩ እንዳይሄድ ይዘጋል፤ ውኃው 80 ዲግሪን ጥቂት ሲያልፍ ደግሞ ይከፍታል። ሲበላሽ ተዘግቶ ሊቀር ስለሚችል መጠርጠሩ ትክክል ነው፤ የሚገባው ግን በፈላ ውኃ ውስጥ ከትቶ መክፈት አለመክፈቱን ማየት፣ ካልከፈተም በአዲስ መተካት ነበር። ያለ ቴርሞስታት የሚሄድ ሞተር በከተማ አጭር ጉዞ ተገቢውን ሙቀት ሳያገኝ ይውላል፤ ቤንዚን ያባክናል፣ ያልተቃጠለው ቤንዚን ዘይቱን ያቀጥነዋል፣ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) እና ሲሊንደሩም ያለ ዕድሜያቸው ይበላሉ። ዳገት ላይ ያለውን ሙቀት ደግሞ አላዳነልዎትም። ስለዚህ መልሰው ያስገጥሙት።

ቀጥሎ ብዙ ሰው የማያስበው የራዲያተር ክዳን ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ያለች በመሆኗ ክፍት በሆነ ዕቃ የተጣደ ውኃ እዚህ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ94 ዲግሪ ገደማ ነው። የሞተር ውኃ በሥራ ላይ እያለ ከዚህ በላይ ሊሞቅ ስለሚችል ሳይፈላ የሚቆየው ክዳኑ ግፊቱን አፍኖ ስለሚይዝለት ብቻ ነው፤ በ0.9 ባር የተሠራ ደህና ክዳን የመፍያውን ነጥብ በእኛ ከፍታ እንኳን ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። ጎሚኒው (የማሸጊያው ላስቲክ) የደረቀ ወይም ሞላው የላላ ክዳን ግን ውኃውን በዳገት ላይ እያፈላ ይተፋዋል፤ ባለቤቱም ቆሞ ሲያይ «ውኃ ጎደለ» ይላል። የእርስዎ ምልክት ከዚህ ጋር በጣም ይገጥማል። ክዳኑ ከሁሉም ዕቃ ርካሹ ስለሆነ ከእርሱ ይጀምሩ፤ ሲገዙ በላዩ የተጻፈው የግፊት ቁጥር ከአሮጌው ጋር አንድ መሆኑን ይመልከቱ። ሞተሩ ትኩስ እያለ ግን ፈጽሞ እንዳይከፍቱት።

ራዲያተሩም ሳይታይ አይቀየርም። ከጣና ዳር ምሽት ላይ የሚነሣው የትንኝ መንጋና የፎገራ ሜዳ ገለባና አቧራ በላሜራዎቹ መካከል ገብቶ አየር ያግዳል፤ ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ ቀስ ባለ ውኃ ማጠብ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ውስጡ መደፈኑን ለማወቅ ሞተሩ ሞቆ ከጠፋ በኋላ፣ ማራገቢያው መቆሙን አረጋግጠው፣ ፊቱን በእጅ መዳበስ ነው፤ በአንድ ቦታ ቀዝቃዛ ሆኖ የሚገኝ ከሆነ ውኃው በዚያ አያልፍም። የእርስዎ ራዲያተር የነሐስና የመዳብ ሥራ ከሆነ ራዲያተር ሠራተኛ ፈትቶ ሊጠርገውና መልሶ ሊበይደው ይችላል፤ ዛሬ በገበያ ከሚገኙት ቀጫጭን የአሉሚኒየም ራዲያተሮች የተሻለ ሆኖ ሊያገለግልዎት ይችላልና በችኮላ አይጣሉት። የማራገቢያውን ቺንጋም በአውራ ጣትዎ ተጭነው ይዩት፤ ከአንድ ሳንቲ ሜትር ብዙ አልፎ የሚረግብ ከሆነ ዳገት ላይ ይንሸራተታል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ውስጡን በቧንቧ ውኃ ከመሙላት ይልቅ በተጣራ ውኃና በኩላንት ይሙሉት።

አሁን ወደ ትልቁ ጉዳይ ወደ ኮምፕሬሽኑ ልምጣ። መለኪያው ላይ የሚነበበው ቁጥር ሞተሩ በሚስበው አየር መጠን ይወሰናል። በባሕር ዳር ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ስለሚያንስ ፍጹም ጤነኛ የሆነ ሞተር እንኳን እዚህ ሲለካ የፋብሪካው መጽሐፍ ከሚለው በዚያው መጠን ዝቅ ያለ ቁጥር ያሳያል። መጽሐፉን ብቻ ይዞ የሚፈርድ መካኒክ በከተማችን ያለውን የቆየ ሞተር ሁሉ «አልቋል» ሊለው ነው። ይህን የምጽፈው ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ ነገር ግን በዚህ አንድ ስሕተት ምክንያት መውረድ የሌለበት ሞተር ይወርዳል፣ አንድ ቤተሰብም ለዓመት የያዘውን ገንዘብ ያጣል።

ትክክለኛው ንባብ አራቱን ሲሊንደሮች እርስ በርስ ማወዳደር ነው። ሞተሩ ሞቆ፣ አራቱም ካንዴላ (የእሳት ብልጭታ ሰጪው) ወጥቶ፣ ባትሪው ሙሉ ሆኖ፣ ቤንዚን መስጫው እስከ መጨረሻ ተረግጦ ይለካ፤ አራቱንም ቁጥር በወረቀት ያጽፉ። አራቱም ተቀራራቢ ከሆኑ ዝቅ ቢሉ እንኳን ሞተሩ ገና ያገለግላል። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች ብቻ ከቀሩት በጣም ካነሱ በመካከላቸው ያለው የቴስታታ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያው) ተቃጥሏል ማለት ሊሆን ይችላል። አንዱ ብቻ ካነሰ ጥቂት የሞተር ዘይት በካንዴላው ቀዳዳ ጨምረው ይድገሙት፤ ቁጥሩ ከፍ ካለ ፋሻው፣ ባለበት ከቆየ ቫልቮላው (አየር የሚያስገባውና ጭስ የሚያስወጣው መዝጊያ) ነው የሚጠረጠረው። ቫልቮላ ከተጠረጠረም ከመፍታት በፊት በቫልቮላውና በሚገፋው ክንድ መካከል ያለው ክፍተት ይለካ። በ4ኬ ሞተር ላይ ክፍተቱ በትኩሱ ለአየር ማስገቢያው 0.20፣ ለጭስ ማውጫው 0.30 ሚሊ ሜትር ነው፤ ክፍተቱ የጠበበ ቫልቮላ ሙሉ በሙሉ ስለማይዘጋ ኮምፕሬሽን ያሳንሳል፣ ቆይቶም ይቃጠላል፤ ማስተካከሉ ግን የአንድ ጠዋት ሥራ ነው።

የጓርኒሲዮኑን ነገር ለማረጋገጥ ደግሞ ሞተሩ በቀዘቀዘበት ሰዓት የራዲያተሩን ክዳን ከፍተው ያስነሡት። ውኃው ላይ ሳያቋርጥ አረፋ የሚወጣ ከሆነ የቃጠሎ ጋዝ ወደ ውኃው እየገባ ነው። አንዳንድ ጋራዦች ለዚሁ የሚሆን ሰማያዊ ፈሳሽ አላቸው፤ ጋዝ ካለ ወደ ቢጫ ይለወጣል። በዘይት መሙያው ክዳን ሥር የሚታየውን ነጭ ቅባት ብቻ ዓይቶ «ውኃ ከዘይት ተቀላቅሏል» የሚል ቢገጥምዎት ግን ይጠንቀቁ። በክረምት፣ በዚህ እርጥበት፣ በአጭር አጭር ጉዞ፣ በተለይም ቴርሞስታት በሌለው ሞተር ላይ ይህ ቅባት ከእንፋሎት ብቻ ይፈጠራል። የዘይት መለኪያው ዘንግ ንጹሕ ከሆነ አይደንግጡ።

ይህ ሁሉ ምርመራ ከግማሽ ቀን አይበልጥም፤ ነገር ግን ሥራ ስለሆነ ዋጋ አለው። ብዙዎቻችን ለተቀየረ ዕቃ እንከፍላለን እንጂ ለምርመራ መክፈል አንወድም፤ መካኒኩም እንጀራውን የሚያገኘው በመፍታት ብቻ ሲሆን መፍታትን ይመርጣል። ስለዚህ ወደ ጋራዡ ሲሄዱ «ለምርመራው ብቻ ስንት ልክፈልዎት?» ብለው ይጀምሩ። «ጓርኒሲዮን ቀይሩልኝ» አይበሉ፤ «ከአዲስ ዘመን በላይ ባለው ዳገት ትሞቃለች፣ ውኃም ታጎድላለች» ብለው ምልክቱን ብቻ ይንገሩ። የበሽታውን ስም አስቀድመው ከሰጡ የተናገሩት ይሠራልዎታል፤ ሙቀቱ ባይቀርም ጥፋቱ የእርስዎ ይሆናል።

ሥራው ሲጀመር አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃል፤ የኪሎ ሜትሩ ንባብ፣ ምልክቱ፣ የሚሠራው ሥራ፣ የእጅ ዋጋው፣ ዕቃውን የሚገዛው ማን እንደሆነ፣ የሚያልቅበት ቀን፣ እንዲሁም ተጨማሪ ነገር ከተገኘ ሳይደወልልዎት እንዳይፈታ የሚል መስመር ይኑርበት። የወጡት አሮጌ ዕቃዎች በሙሉ እንዲመለሱልዎት ያስጽፉ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2610 ላይ በዋጋ ተስማምቶ በራሱ ኃላፊነት አንድ ውጤት ለማስገኘት ግዴታ የሚገባን ሰው ሥራ እንደ ውል ይቆጥረዋል፤ ውሉን በኋላ ለማስረዳት ግን ጽሑፍ ከምስክር ይሻላል። ጥሩ ባለሙያ በዚህ ወረቀት አይቀየምም፤ እርሱንም ከጭቅጭቅ ያድነዋል።

ዕቃ ከአዲስ አበባ ከሶማሌ ተራ በአውቶቡስ የሚያስመጡ ከሆነ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ገልብጠው፣ የአሮጌውንም ፎቶ ጨምረው ይላኩ፤ ዕቃው ከተሳሳተ የሚመልሰው እንዲኖር ደረሰኝ ይቀበሉ። የመጨረሻውን ክፍያ ደግሞ ከሙከራ በኋላ ያድርጉት። ጎንደር መንገድ ድረስ መሄድ አያስፈልግም፤ እዚሁ ባሕር ዳር ያለውን የቤዛዊትን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ፣ መካኒኩን ጎንዎ አስቀምጠው፣ ቆጣሪውን አብራችሁ እያያችሁ ውጡ።

ጥያቄ፦ የምኖረው ቀበሌ 14 ነው፤ እኔም አሮጌ ዲኤክስ አለኝ። በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ ቤተሰቤን ይዤ በደጀን በኩል ወደ አዲስ አበባ እሄዳለሁ። ያጠራቀምኩት ገንዘብ ስላለ መኪናዬን ላሻሽላት አስቤያለሁ። ኢንጀክሽን ያለው ሞተር ላስገባ፣ ባለ 15 ኢንች ቸርኪ ጎማና ኤልኢዲ መብራት ላድርግላት ወይስ ሌላ ነገር ይመክሩኛል?

መልስ፦ የሚሄዱበትን መንገድ መጥቀስዎ መልሱን ያቀልልኛል፤ ገንዘብዎን ከሁሉ በፊት ፍሬን ላይ ያውሉት። ከደጀን እስከ አባይ ድልድይ ያለው ቁልቁለት ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት የሚስብ ፈሳሽ ነው። ዶት 3 የሚባለው ዓይነት አዲስ የፍሬን ዘይት ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ ውኃ ከጠጣ በኋላ ግን ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። በረጅም ቁልቁለት ላይ ሲፈላ በቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠርና ፔዳሉ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ወለሉ ድረስ ይገባል። እንደኛ በሐይቅ ዳር የሚኖር ሰው ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ ሙሉ በሙሉ ማስለወጥ አለበት፤ ብዙ ጋራዥ ግን የጎደለውን ብቻ ስለሚሞላ በግልጽ ይጠይቁ። የጎማ ቱቦዎቹ ስንጥቅ ካላቸው፣ የኋላው የፍሬን ሸራም ከሳሳ አብረው ይቀየሩ። ቁልቁለቱንም በፍሬን ሳይሆን በዝቅተኛ ማርሽ ይውረዱት።

ከዚያ በኋላ ጎማ፣ ቴስቲና (የመሪው መገጣጠሚያ) እና አሞርዛተር (ንዝረት ማብረጃው) ይታዩ። በጎማው ጎን ከተጻፉት ቁጥሮች መካከል የመጨረሻዎቹ አራት አሃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 2319 የሚል ካዩ በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ያልበላ ነገር ግን የደረቀና የተሰነጣጠቀ ጎማ በአባይ በረሃ ውስጥ ይፈነዳል። ባለ 15 ቸርኪ ግን አልመክርም። መኪናዋ የተሠራችው ለ13 ነው፤ የጎማው ጠቅላላ ቁመት ሲጨምር የፍጥነት ቆጣሪው ከእውነተኛው ፍጥነት ዝቅ አድርጎ ያነባል፣ ደካማው ሞተር በዳገት ይቸገራል፣ ኩሽኔታውና መሪውም ያልታሰቡለትን ጭነት ይሸከማሉ።

ሞተር መቀየሩም እንዲሁ ነው። የሞተሩ ቁጥር በሊብሬው ላይ የተመዘገበ ስለሆነ ያለ ፈቃድ የተቀየረ ሞተር በዓመታዊ ምርመራም በሽያጭም ጊዜ ጣጣ ያመጣል፤ የነዳጅ ፖምፓው፣ ሽቦው፣ የካምቢዮው መገጣጠሚያ ሁሉ አብሮ ካልተለወጠም ግማሽ ሥራ ሆኖ ይቀራል። ደህና ሞተር ካለዎት ካርቡራቶሩን አጸድተውና ለከፍታችን አስተካክለው፣ ፑንቲናውን (ለካንዴላው እሳት የሚቆራርጠውን መገናኛ) በኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ ቢተኩት በጥቂት ወጪ ጠዋት በቀላሉ የምትነሣ መኪና ያገኛሉ። እኔ ከማሻሻያዎች ሁሉ ይህን እወዳለሁ፤ የሚያልቅ ነገር የለውም፣ ካልተስማማዎትም አሮጌው ተመልሶ ይገባል።

የኤልኢዲ አምፖል ለዚያ አምፖል ባልተሠራ የመብራት ሳህን ውስጥ ሲገባ ብርሃኑን ይበትነዋል፤ ከፊት የሚመጣውን ሹፌር ያሳውራል እንጂ ለእርስዎ መንገዱን አያሳይም። የአሮጌ መኪና መብራት የሚደክመው በአብዛኛው በረጅሙና ባረጀው ሽቦ ውስጥ ኃይል ስለሚባክን ነው። ጥሩ ኤሌክትሪሺያን ከባትሪው በቀጥታ በሪሌ (በኤሌክትሪክ በሚሠራ ማብሪያ) በኩል አዲስ ሽቦ ቢያስገባልዎት የነበረው ባለ 60 ዋት አምፖል ሌላ መብራት ይመስላል።

ጥያቄ፦ እንግዶችን ወደ ዘጌና ወደ ጢስ ዓባይ የማመላልስበት አሮጌ ላንድ ክሩዘር አለኝ። የበሮቹን ዝገት አሠርቼ ቀለም አስቀብቼ ነበር፤ ክረምቱ ሳያልቅ ቀለሙ አብጦ ተነሣ። ጋራዡ የሐይቁ አየር ነው ይለኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ጣና ጨዋማ ውኃ የለውም፤ የባሕር ጠረፍ ከተሞችን መኪና የሚበላው ጨው እዚህ የለም። ቀለሙ ያበጠው ዝገቱ ሳይወጣ በስቱኮ (በመሙያ ልጥፍ) ስለተሸፈነ ነው። በበሩ የታችኛው ጠርዝ ያሉት ትንንሽ የውኃ ማፍሰሻ ቀዳዳዎችም በጭቃ ወይም በራሱ በስቱኮው ተደፍነው ይሆናል። ያበጠውን ቦታ በማግኔት ይፈትኑት፤ ማግኔቱ ካልያዘ ሥሩ ያለው ስቱኮ እንጂ ላሜራ አይደለም። ድጋሚ ሲያሠሩ የበሰበሰው ላሜራ ተቆርጦ በአዲስ እንዲበየድ፣ ከውስጥም ከውጭም ጸረ ዝገት እንዲቀባ፣ ቀዳዳዎቹም ክፍት እንዲቀሩ በወረቀት ይስማሙ፤ ስቱኮ ከመደረጉ በፊትም ሄደው ባዶውን ላሜራ በዓይንዎ አይተው ፎቶ ያንሡት።