ጨርቁን ሳታጥቢ እንዳትጀምሪ

እህቴ፣ የ6 እና የ9 ዓመት ልጆችሽን ይዘሽ ለፋሲካ የጨርቅ ቅርጫት መሥራት ፈልገሽ «ከየት ልጀምር?» ብለሻል። እኔ እዚህ ደብረ ማርቆስ አምና ከሁለቱ ልጆቼ ጋር ሠርቼዋለሁ። እንቁላልና ከረሜላ መሙላቱ የፈረንጆቹ ነው። እኛ ለሴት ልጄ ክርስትና እናት አክፋይ ወሰድንበት። ያንቺም ለዚሁ ነው ብዬ ልቀጥል።

1. ጨርቅ አትግዢ። አሮጌ አንሶላ፣ ያለቀ ቀሚስ ይበቃል። እኔ ሞኟ ግን ደማቅ ቀለም አማረኝና አንድ ልብስ ሰፊ ዘንድ ቁርጥራጭ ልጠይቅ ሄድኩ። እግሩ ሥር የሚረግጠውን ጨርቅ «በነጻ የሚታደል መሰለሽ?» ብሎ ልጆቼ ፊት ጮኸብኝ። አፈርኩ። ከፍዬ ወሰድኩ። ያ ጉደኛ ቀይ ጨርቅ የመጣው ከዚያ ነው።

2. ሁለት ጣት ስፋት እያደረግሽ ቅደጂው። ውስጡ የሚገባው ጣት የሚያክል የቃጫ ገመድ ነው፤ ለእኔዋ ትንሽ ቅርጫት 9 ሜትር ገደማ ወስዷል። ሙዳይ ሲሰፋ አይተሽ ካደግሽ አዲስ ነገር የለውም፤ በአክርማው ፈንታ ጨርቅ መሆኑ ነው። ገመዱ መዞር የሚጀምርባትን መሃሏን አንቺ ጀምሪላቸው፣ እሷ ለልጅ እጅ አትመችም። ትንሿ ልጄ ጨርቁን ገመዱ ላይ ትጠመጥማለች፣ ትልቁ በጆንያ መርፌ እየሰፋ ያያይዛል። ጎረቤቴ መጥታ «ወንድ ልጅ ስፌት ታስተምሪያለሽ?» አትለኝም! የእሱ ስፌት ከእኔ ይልቅ ጥብቅ ነበር። ይኸው ጻፍኩት፣ ታንብበው። ግድግዳው ሲጀመር ገመዱ ከጎን ሳይሆን ከላይ ይደረብ። የእኛ መጀመሪያ ሰፌድ ሆኖ ቀርቶ ተርትረን ነው የሰፋነው።

3. ይህን ነው ላስጠነቅቅሽ የፈለግኩት። ጨርቁን አላጠብኩትም። አዲስ ነው፣ ምን ይሆናል ብዬ። ቅዳም ስዑር ከቤተ ክርስቲያን የመጣው ቄጠማ ገና እርጥብ ነበር፤ ልጆቹ ያምራል ብለው ቅርጫቱ ውስጥ ጎዘጎዙት። እኔም ትንሽ ዳቦ ጋግሬ ትኩሱን ከላዩ አስቀመጥኩ። ጠዋት ሳነሳው የዳቦው ሥር ቀይ! ጨርቁ ቀለሙን ለቅቆ ቄጠማውም ዳቦውም ጠጥቶታል። ልጄ አለቀሰች። ሌላ ለመጋገር ጊዜ የለም፣ ቂጡን በቢላ ከርክሜ ይዘን ሄድን። ክርስትና እናቷ ገልበጥ አድርገው አዩና «ምነው ልጄ፣ ከበጉ በፊት ዳቦው ታረደ?» አሉ። ቤቱ ሁሉ ሳቀ። እኔ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ስለዚህ ጨርቁን ገና ሳትቀድጂው ውሃው እስኪጠራ እጠቢው። ከዚያ ነጭ ጨርቅ አርጥበሽ ፈትጊበት፤ ነጩ ከቀላ ያንን ጨርቅ ተይው፣ ለወለል መወልወያ ይሁን። ዳቦውንም በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ጠቅልለሽ አስገቢው።

ደግሞ ለሕማማት እንዳታቆይው። እኔ የቅርጫቱ መያዣ ጆሮ ቀርቶኝ ዓርብ ስቅለት መርፌ ሳነሳ እማዬ ከእጄ ነጥቃኛለች። እስከ ዛሬ አንድ ጆሮ ብቻ ነው ያለው፣ ልጆቹ ግን እንደዚያው ነው የሚወዱት።