እስክስታ ስመታ ትከሻዬ ለምን ቀጭ ቀጭ ይላል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የ38 ዓመት ሴት ነኝ፤ ሥራዬ ቢሮ ተቀምጦ ኮምፒውተር ላይ መጻፍ ነው። ባለፈው ጥር የታናሽ እህቴ ሰርግ ላይ እስክስታ ስመታ ከቀኝ ትከሻዬ ኋላ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ ስሞክረው በየምቱ ይጮሃል። አያመኝም። ባለቤቴ «ዝገሻል፣ ዘይት ያስፈልግሻል» እያለ ይስቅብኛል። እናቴ ደግሞ «ወልቆ ነው፣ ወጌሻ ይየው» ብላ ይዛኛለች። ማንን ልስማ?
ከገርጂ

መልስ፦ እህቴ፣ በዕድሜ ስለምበልጥሽ አንቺ ልበልሽ። ለጊዜው ሁለቱንም አትስሚ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ሞክሪ። ባለቤትሽ ሳቁን ትቶ ከኋላሽ ይቁምና መዳፉን በቀኝ በኩል፣ ጠፍጣፋው የትከሻ አጥንት ላይ ያሳርፍ። አንቺ እጅሽን በጎን በኩል ቀስ እያልሽ ወደ ላይ አንሺ። መጀመሪያ ላይ ብዙም አይሰማውም። ቆይቶ ግን አጥንቱ ከመዳፉ ሥር መንሸራተት ይጀምራል። እጅሽ ጆሮሽ አጠገብ እስኪደርስ 180 ዲግሪ ያህል ይሄዳል። 120 ገደማው የክንድሽ አጥንት ክብ ራስ ማረፊያው ላይ ሲዞር የሚመጣ ነው። 60ው ጠፍጣፋው አጥንት የሚጨምረው ነው።

አሁን እጅሽን ወገብሽ ላይ አድርጊና እስክስታ ምቺ። ክንድሽ እምብዛም አልዞረም አይደል? ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ የሚለው ጠፍጣፋው አጥንት ነው። እሱ ደግሞ ከጎድን አጥንቶችሽ ጋር የሚያያይዘው አንድም መገጣጠሚያ የለውም። ጡንቻ ላይ ተንሳፍፎ ነው የሚኖረው።

ይህን ትምህርት ቤት ሳልገባ በፊት ያየሁት በግ ላይ ነው። ለፋሲካ አጎቴ ሲበልት እግር የምይዝለት እኔ ነበርኩ። ወርቹን ሲያወጣ ቢላዋው ሥጋ ሥጋውን ይዞ ይወርዳል፤ አጥንት መስበር የለ፣ መጠምዘዝ የለ፣ ወርቹ ከነጠፍጣፋው አጥንት እጁ ላይ ይቀራል። የኋላ እግሩ ጋ ሲደርስ ግን ላብ ያጠምቀዋል። ጭኑን ጠምዝዞ ክቡን ራስ ከዳሌው ጉድጓድ ውስጥ ጧ አድርጎ ማውጣት አለበት። የኛም ዳሌ እንደዚያው ጥልቅ ነው፤ ጭንሽን ይዞ አይለቅም። የትከሻው ማረፊያ ግን የሻይ ማንኪያ ያህል እንኳ ጎድጎድ አይልም። ከበጉ የምንለየው አንገታችን ሥር አግዳሚ አጥንት ስላለን ነው። ክንድሽን ከደረትሽ ጋር በአጥንት የሚያገናኘው እሱ ብቻ ነው።

ለዚህ ነፃነት የሚከፈል ዋጋ አለ። ከትልልቆቹ መገጣጠሚያዎች ሁሉ በብዛት የሚወልቀው ትከሻ ነው። የኔ ግራ ትከሻ ሁለቴ ወልቋል፤ አንዴ ከሚኒባስ ስወርድ፣ በሩን ይዤ ሳልለቅ ሹፌሩ ስለነዳ። ስለዚህ እናትሽን እንዲህ በያት፦ የወለቀ ትከሻ በእስክስታ አይጠየቅም። እጅ ማንሳት ቀርቶ ሸሚዝ ማውለቅ ያስለቅሳል። ያልወለቀ ነገር ደግሞ ወጌሻው ምኑን ይመልሰዋል?

ድምፁስ? ጣት ስናንቋቋ የሚሰማው ጧታ መገጣጠሚያው ውስጥ ካለው ፈሳሽ ጋዝ ሲፈጠር የሚመጣ ነው። አንዴ ከጮኸ ያው ጣት እንደገና እስኪጮህ 20 ደቂቃ ያህል ይፈልጋል። ያንቺ በየምቱ ነው የሚጮኸው፤ ስለዚህ ጋዝ አይደለም። ጡንቻ ወይም ጅማት የጎድን አጥንት ጫፍ ላይ ሲሻገር የሚያሰማው ይመስለኛል። ቀኑን ሙሉ ጎብጦ የሚጽፍ ሰው ጠፍጣፋውን አጥንት ከጎድን ጋር አጣብቀው የሚይዙት ጡንቻዎች ይሰንፉበታል። ያኔ አጥንቱ መንገዱን ትንሽ ይስታል። (ለባለቤትሽ፦ መገጣጠሚያ ዘይቱን ራሱ ያመርታል። እዚያ ቦታ ላይ ደግሞ መገጣጠሚያም የለም።)

ይህን ሥሪ። ግድግዳ ፊት ቁሚ፤ ሁለቱን መዳፍሽን በትከሻሽ ልክ ግድግዳው ላይ አድርጊ። ክርንሽን ሳታጥፊ ደረትሽን ወደ ግድግዳው ልቀቂው፤ ጠፍጣፋዎቹ አጥንቶች ጀርባሽ ላይ ይቀራረባሉ። ከዚያ ግድግዳውን ገፍተሽ አራርቂያቸው። ክርንሽ ከታጠፈ ሌላ ስፖርት እየሠራሽ ነው። አሥር ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ። ቢሮም ይሠራል፤ ሰው ካየሽ ግድግዳ እየደገፍኩ ነው በይ።

ድምፁ ላይ ሕመም ከተጨመረ፣ እጅሽ መነሳት ካቃተው፣ ከደነዘዘሽ፣ ወይም ጠፍጣፋው አጥንት እንደ ክንፍ ወደ ውጭ ከወጣ፣ ግድግዳውን ትተሽ ሐኪም ጋ ሂጂ። ካልሆነ እስክስታውን አታቁሚ። የጎንደሩን ይሁን የወሎውን እንደምትመቺ ግን አልጻፍሽልኝም።