ሁለት መስኮት ብቻ ብትቀይርም ሰርተፍኬት ያስፈልግሃል

የድሮ ቤት ውስጥ ሁለት መስኮት ልቀይር ነው፣ የእርሳስ (ቀለም ውስጥ ያለው ሌድ የሚባለው መርዛማ ብረት) ህጉ ይመለከተኛል ወይ ብለህ ነበር የጠየቅከኝ። ክፍል ውስጥ የምትነካው ቀለም ከ6 ስኩዌር ፊት ካልበለጠ ህጉ አይመለከትህም ያሉህ ለግድግዳ ጥገና ነው፣ መስኮት መቀየር ላይ ያ ነገር አይሰራም። ቤቱ የ1950ዎቹ ነው ብለሃል፣ አሜሪካ ውስጥ ከ1978 በፊት የተሰራ ቤት በምርመራ ነፃ ነው እስካልተባለ ድረስ እርሳስ ያለበት ቀለም እንዳለው አድርገህ ነው የምትሰራው።

1. ካምፓኒህን ኢፒኤ (የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መስሪያ ቤት) ጋ አስመዝግብና ሰርተፍኬት አውጣ (ብቻህን ብትሰራም ያው ነው)፣ አንተ ደግሞ የ8 ሰዓቱን የእርሳስ ጥንቃቄ ኮርስ ውሰድ። ሁለቱ ይለያያሉ፣ ብዙ ሀበሻ ኮንትራክተር ኮርሱን ወስዶ ጨረስኩ ይላል። አንዳንድ ስቴት የራሱ ፕሮግራም ስላለው ያንተን አጣራ።
2. ስራ ሳትጀምር ለባለቤቱ ስለ እርሳስ የሚያስረዳውን የኢፒኤን ቡክሌት ሰጥተህ አስፈርም፣ ወረቀቱን 3 ዓመት ያዘው።
3. ወለሉን ከመስኮቱ 6 ፊት ድረስ በፕላስቲክ ሸፍን፣ የሂተርና የኤሲ ቀዳዳዎችን ዝጋ፣ ቀለሙን በእሳት እንዳታነሳው ክልክል ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ። እነዚህ ወደ ላይ የሚንሸራተቱ የድሮ መስኮቶች ስንት ዓመት ሲከፈቱ ሲዘጉ ቀለሙ ተፈጭቶ እታች ሀዲዱ ውስጥ እንደ ዱቄት ተጠራቅሞ ነው የምታገኘው፣ እሱን በተራ ቫኪዩም እንዳትነካው፣ ብናኙን በኋላ በኩል መልሶ ቤቱ ውስጥ ነው የሚረጨው፣ ሄፓ (ደቃቁን ብናኝ የሚይዝ ማጣሪያ) ያለው ቫኪዩም ተከራይ። የስራ ልብስህንም እዛው አውልቀህ ለብቻ እጠብ፣ ቤት ልጆች ካሉ በዛው ልብስ እንዳታቅፋቸው፣ እርሳስ የህፃን አእምሮ ነው የሚጎዳው።