ልጆቼ ከባሕር ይልቅ ጓሮውን መረጡብኝ

ደብዳቤው የመጣው ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ጸሐፊው የ46 ዓመት አባት ናቸው። መኪና እየነዱ ሰው ያመላልሳሉ። ማንነታቸውን የሚያሳውቀውን አስቀርቼ፣ አሳጥሬ ላቅርበው።

«አንድ የ12 ዓመት ወንድና አንዲት የ8 ዓመት ሴት ልጅ አሉኝ። ሰመሩን ሙሉ ስሠራ ነው የከረምኩት። ትምህርት ሊከፈት ሳምንት ሲቀረው፣ ልጆቹ ደስ ይበላቸው ብዬ ኦሽን ሲቲ የምትባለው የባሕር ዳርቻ ከተማ ሆቴል ያዝኩ። ለሦስት ቀን ከፈልኩ። ገንዘቡ አይመለስም። በጠዋት ተነሡ ስላቸው ‹እማማን ትተን አንሄድም› አሉኝ። እማማ የሚሏቸው አማቴን ነው። ከአገር ቤት የመጡት በሚያዝያ ነው፤ ከመስቀል በኋላ ይመለሳሉ። እግራቸውን ስለሚያማቸው መኪና ውስጥ ብዙ መቀመጥ አይችሉም። ልጆቹ ሰመሩን ያሳለፉት ከእሳቸው ጋር ጓሮ ተቀምጠው ነው። ወንዱ ሃሚንግበርድ የምትባለዋን ትንሽ ወፍ ለማየት የስኳር ውሃ በጠርሙስ ሰቅሎ፣ ስትመጣ ስትሄድ ደብተር ላይ ሲጽፍ ይውላል። ሴቷ ጓሯችን ለሚመጣ የአጋዘን ግልገል ስም አውጥታለታለች። እኔ መንዝ በግ ስጠብቅ ያደግሁ ሰው ነኝ። ጭላዳውንም ቀበሮውንም ጠግቤ አይቻለሁ። ልጆቼ ጓሮ ተቀምጠው አውሬ እንዲያዩ አይደለም አሜሪካ ድረስ የመጣሁት። በጣም ተናድጄ ጠርሙሱን አውርጄ ጋራዥ ቆለፍኩበት። ባለቤቴ ‹ተዋቸው› አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ልጄ ከሰላምታ በቀር አያናግረኝም። ታዲያ ይህን ሁሉ የምለፋው ለማን ነው? ልጆቼን ማመስገን እንዴት ላስተምራቸው? አማቴስ ሳያውቁት ልጆቼን እያራቁብኝ ይሆን?»

ውድ ወንድሜ፣

በመጀመሪያ ቢከፋዎት አይፈረድብዎትም። ክረምት ከበጋ መሪ ላይ የሚውል ሰው ሦስት ቀን ሥራ መተው ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። የሆቴሉ ገንዘብ ብቻ አይደለም የቀረው። በእነዚያ ቀናት ሊያገኙት የሚችሉትም ቀርቷል። ያን ሁሉ ከፍለው «አንሄድም» መባል ያማል።

ደብዳቤዎን ደጋግሜ ሳነበው ግን አንድ ነገር አጣሁበት። ደብተሩ ላይ ምን እንደተጻፈ አልነገሩኝም። የግልገሉን ስምም አልጻፉልኝም። ሆቴሉ ለስንት ቀን እንደተያዘ አውቄያለሁ። ገንዘቡ እንደማይመለስም አውቄያለሁ። ልጅዎ ሰመሩን ሙሉ ይዞት የዋለው ደብተር ግን ለእኔ እንደተዘጋ ነው። ደብዳቤው እንዳይረዝም ትተውት ይሆናል። እኔ ግን እርስዎም ከፍተው ያላዩት ይመስለኛል።

ትንሽ ነገር ይመስላል። ለእኔ ግን የጉዳዩ ሥር ያለው እዚህ ጋ ነው። ትንሽ ታግሠው ያንብቡኝ።

ዓመት የሞላው ሕፃን ውሻ ሲያይ የሚያደርገውን አስተውለው ያውቃሉ? ጣቱን ይቀስራል። «እ! እ!» ይላል። ወዲያው ዞሮ የእናቱን ወይም የአባቱን ፊት ያያል። ውሻውን አምጡልኝ ማለቱ አይደለም። «አያችሁልኝ?» ነው የሚለው። እናቱ «አዎ! ውሻ ነው!» ካለችው ይበቃዋል። ረክቶ እንደገና ወደ ውሻው ይዞራል። ይህች ቅጽበት የልጆችን እድገት በምንከታተል ሰዎች ዘንድ ትልቅ ቦታ አላት። ልጅ ዓመት ተኩል ሞልቶት በጣቱ ማሳየት ካልጀመረ ሐኪሞች እድገቱን ቀረብ ብለው እንዲመረምሩ ይመከራል። ብዙ ቃላትንም የሚማረው በዚሁ መንገድ ነው፤ ከሚወደው ሰው ጋር አንድ ነገር አብሮ እያየ።

ታዲያ ይህ ፍላጎት ከሕፃንነት ጋር አብሮ አይቀርም። ልጅ ሲያድግ መልኩን ይለውጣል እንጂ አይጠፋም። የ12 ዓመት ወንድ ልጅ ጣቱን ቀስሮ «አባዬ እይ!» ማለት ያሳፍረዋል። በዚያ ፈንታ ደብተር ይይዛል። ደብተሩን ጠረጴዛ ላይ ጥሎ ይሄዳል። አንድ ሰው አንሥቶ «ይሄ ምንድን ነው?» እስኪለው ይጠብቃል። ካልተጠየቀ «ተመልከቱልኝ» አይልም። ዝም ይላል። ከስደተኛ ቤተሰቦች ጋር ስሠራ ይህን ዝምታ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። ወላጆቹ ልጆቻቸውን የማይወዱ ሆነው አይደለም። ለልጁ የሚሆን ነገር ፍለጋ ሲሮጡ፣ ልጁ የያዘውን ለማየት ጊዜ ያጣሉ።

አሁን አማትዎን ያስቡ። ሃሚንግበርድ የሚኖረው በአሜሪካ አህጉራት ብቻ ነው፤ አገር ቤት የለም። እማማ በዚህ ዕድሜያቸው መጀመሪያ ያዩት እናንተ ጓሮ ነው ማለት ነው። ስለዚህ አስተማሪው ልጅዎ ሆነ፣ ተማሪዋ አያቱ። «እስኪ ንገረኝ፣ ይቺ ደግሞ ወዴት ነው የምትሄደው?» የሚሉት ይመስለኛል። እሱም በዚያችው ባለችው አማርኛ እየተንተባተበ ያስረዳል። አንድ አዋቂ ሰው ሥራዬ ብሎ ተቀምጦ የሚያዳምጠው የ12 ዓመት ልጅ ስንት አለ? ልጅዎ ይህን አግኝቶ ነበር። ኦሽን ሲቲ ሲሄዱ ግን ባሕሩን የሚያሳዩት እርስዎ ናቸው። ልጆቹ ያያሉ እንጂ የሚያሳዩት ነገር የላቸውም። ባሕሩን ጠልተው አይመስለኝም የቀሩት።

ወፏም ቢሆን ዝም ብላ ወፍ አይደለችም። በእናንተ አካባቢ የምትመጣው፣ ወንዱ ጉሮሮው ላይ ቀይ ያለው ዓይነት፣ ክብደቷ 3 ግራም ገደማ ነው። ሰመር ሊያልቅ ሲል አብዝታ ትመገባለች። ከመሄዷ በፊት ክብደቷ ወደ እጥፍ ሊጠጋ ይችላል። ከዚያ ወደ ሜክሲኮና ወደ መካከለኛው አሜሪካ ትጓዛለች። ብዙዎቹ የሜክሲኮን ባሕረ ሰላጤ የሚሻገሩት ሳያርፉ ነው፤ 800 ኪሎ ሜትር ያህል። እንግዲህ ጠርሙሱን ያወረዱት ወፏ ለዚህ ጉዞ ስንቅ በምትይዝበት ሰሞን ነው። እርስዎ ይህን አላወቁም። ሰመሩን ሙሉ ደብተር ይዞ የጠበቀ ልጅ ግን ያውቃል ብዬ እገምታለሁ። ለዚህ ነው ቅጣቱ የከበደው። እርስዎ የቀጡት አልታዘዝ ስላለ ነው። እሱ የገባው ግን «የምትወደው ነገር ለእኔ ምንም አይደለም» የሚል ነው።

ስለ መንዝ የጻፉት ላይ ደግሞ ቆሜ ቀረሁ። «ጠግቤ አይቻለሁ» ብለዋል። ወንድሜ፣ ጭላዳም ቀይ ቀበሮም ከኢትዮጵያ ውጭ በዱር የትም አይገኙም። የዓለም ተመራማሪዎች እነሱን ለማየት መንዝ ጓሳ ድረስ ይሄዳሉ። እርስዎ በልጅዎ ዕድሜ ሳሉ በግ እየጠበቁ አይተዋቸዋል። እዚያ ቤት ውስጥ ስለ አውሬና ስለ ወፍ ከእርስዎ የበለጠ የሚያውቅ ሰው የለም። ልጆችዎ ይህን ያውቃሉ? ደብዳቤው የሚያውቁ አያስመስልም።

ለምን እንዳልነገሯቸው ይገባኛል ብዬ አስባለሁ። የመንዝ ብርድ ቀላል አይደለም። የእረኝነት ኑሮ ችግሩን የሚያውቀው የኖረው ነው። ሰው ከዚያ ሲወጣ ክፉውን ልርሳ ብሎ ደጉንም አብሮ ይቀብራል። ለእርስዎ ጓሮ ተቀምጦ አውሬ ማየት የድሮው ችግር ነው። ሆቴል ይዞ ባሕር መሄድ ደግሞ ከዚያ ለመውጣትዎ ማስረጃ ነው። ልጆቹ «አንሄድም» ሲሉ የልፋትዎን ፍሬ የገፉብዎት መሰለዎት። እነሱ ግን ያንን ችግር አያውቁትም። ከአያታቸው አጠገብ፣ ሆዳቸው ሞልቶ፣ ማንም ሳያስቸኩላቸው ነው የከረሙት። ያ ሰመር እርስዎ ለፍተው ባቆሙት ቤት ጓሮ የተገኘ ነው። የሰጧቸው እርስዎ ናቸው። እርስዎ ግን አልነበሩበትም። የከነከነዎትም ይህ ይመስለኛል። ከምስጋና ማጣት ይልቅ ወደ ናፍቆት የቀረበ ስሜት ነው፤ በንዴት ነው የወጣው።

አማትዎን በተመለከተ፣ ልጆችዎን እያራቁብዎት አይመስለኝም። ከመስቀል በኋላ ይሄዳሉ ብለውኛል። ልጆቹም ይህን ያውቃሉ። ባሕሩ በሚቀጥለው ዓመትም እዚያው ነው። እማማ ግን መቼ ተመልሰው እንደሚመጡ እርግጠኛ የሚሆን የለም። በቀሩት ቀናት ሦስቱን ከእሳቸው ተለይተው ማሳለፍ አልፈለጉም። ይህን ልጅነት ብለው አይለፉት። መሰናበት የሚያውቁ ልጆች ናቸው። እሳቸው ሲሄዱ ያዝናሉና ያን ጊዜ አባታቸውን አጠገባቸው ቢያገኙ ጥሩ ነው።

ምስጋናን ስለማስተማር ለጊዜው ይተዉት። ከተኮራረፈ ልጅ በግድ የሚወጣ «አመሰግናለሁ» አይጠቅምዎትም።

ምን ያድርጉ? ከሩቅ ሆኖ መምከር ልክ አለው፤ እርስዎ ለቤትዎ እንደሚሆን አድርገው ይውሰዱት። ጠርሙሱን ከጋራዥ ቢያወጡት መልካም ነው። ብቻዎን አይስቀሉት፤ ልጅዎን ይጥሩት። «ያን ቀን ማውረድ አልነበረብኝም፣ ይቅርታ» ቢሉት በቂ ነው። አባት ልጁን ይቅርታ መጠየቁ በእኛ ቤት ብዙ አልተለመደም፤ ክብር ግን አይቀንስም። ውሃው አንድ እጅ ስኳር በአራት እጅ ውሃ ነው። ቀለምና ማር አይጨመርበትም፤ ሙቀት ካለ በየሁለትና ሦስት ቀኑ ይቀየራል። ይህን ልጅዎ ከእኔ የተሻለ ሊያውቀው ስለሚችል እሱን ይጠይቁት። አንዳንዶቹ ወፎች እስከ መስቀል ሰሞን ድረስ ስለሚዘገዩ ገና አልረፈደም። ጠርሙሱ ቢቆይ ጉዟቸውን ይተዋሉ ብለውም አይስጉ።

ስለ ደብተሩ ይጠይቁት። በመጀመሪያው ቀን ላያሳይዎት ይችላል። አይጫኑት። «ስትፈልግ አሳየኝ» ብለው ይተዉት፣ ከዚያ ጓሮ ወጥተው ይቀመጡ። ስልክዎን ቤት ይተዉት። የመንዙን ቀበሮ ለመተረክም አይቸኩሉ። ቀድሞ የእሱ ወፍ ይታይለት፤ የእርስዎ ተራ ይመጣል። ትንሿም ስለ ግልገሉ የምትነግርዎት አታጣም። የግልገሉ ቆዳ ላይ ያለው ነጭ ነጠብጣብ በዚህ ወር መጥፋት ስለሚጀምር፣ እሷ ሳታሳይዎት ባያመልጥዎት ደስ ይለኛል።

ሽርሽሩንም እርግፍ አድርገው አይተዉት። አጠር ይበል፣ ልጆቹ ይምረጡ፣ እማማም ይኑሩበት። ብሩክሳይድ ጋርደንስ ለእናንተ ቅርብ ነው፤ መግቢያ አይከፈልበትም፣ እግር ለሚያማቸው ሰው አግዳሚ መቀመጫ አለ። ኦሽን ሲቲም ለሚመጣው ሰመር ይቆይ። እዚያው አጠገብ አሳቲግ ደሴት ላይ የዱር ፈረሶች እንደ ልባቸው ይኖራሉ። ይህን ለልጅዎ ቢነግሩት እቅዱን ራሱ የሚያወጣ ይመስለኛል።

ሁለት ነገር ልጨምር። የልጅዎ ዝምታ ለሳምንታት ከቀጠለ፣ እንቅልፉ ወይም ምግቡ ከተዛባ፣ ወይም ትምህርት ቤት መሄድ ካስጠላው፣ የትምህርት ቤቱን አማካሪ ያነጋግሩ፤ ክፍያ የለውም። «በጣም ተናድጄ» ያሉትም እንዲህ ሲሆን የመጀመሪያዎ ነው? ካልሆነ ከባለሙያ ጋር ፊት ለፊት ቢነጋገሩ እመክራለሁ። በዋሽንግተን ዙሪያ በአማርኛ የሚያማክሩ ባለሙያዎች አሉ። ሲሄዱ ባለቤትዎን ይዘው ይሂዱ። በዚህ ሁሉ ደብዳቤ ውስጥ እሳቸው የተናገሩት «ተዋቸው» የሚል አንድ ቃል ብቻ ነው። ከዚያ ቃል ጀርባ ምን እንደነበረ ዛሬ ማታ ቢጠይቋቸው ጥሩ ነው።